የቤታ አሳ ጫጩቶቼ (ገና የተፈለፈሉት ልጆች) ለ3ኛ ጊዜ አለቁ፤ በህይወት ያለ የአሳ ምግብ እቤታችሁ እንዴት ነው የምታራቡት?

ሀይቅ ዳር (ሀዋሳ) · ሰኞ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቤታዎቼ ለሶስተኛ ጊዜ እንቁላል ጣሉ፣ ለሶስተኛ ጊዜም ጫጩቶቹ አንድ ሳይቀሩ አለቁ።

ወንዱ ውሃው ላይ አረፋውን ሰርቶ፣ የወደቀውን እንቁላል በአፉ እየለቀመ ወደ አረፋው እየመለሰ ሲጠብቅ ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል ያያችሁት ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው ቀን ተፈለፈሉ። ጅራታቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው ከአረፋው ስር ይታዩ ነበር፣ ከሽፋሽፍት አይበልጡም። ከሶስት ቀን በኋላ አግድም መዋኘት ሲጀምሩ አባትየውን አወጣሁትና የትልልቆቹን ምግብ ሙቀጫ ውስጥ ወቅጬ፣ በሻሽ ነፍቼ፣ እንደ ዱቄት አድርጌ ሰጠኋቸው። አልነኩትም። ዱቄቱ ታች ወርዶ ሻገተ፣ ውሃው ሸተተ፣ በአራተኛው ቀን ገንዳው ባዶ ሆነ።

በመጀመሪያው ጊዜ ውሃው ነው ብዬ ነበር። በሁለተኛው ብርዱ ነው አልኩ። አሁን ግን በስልኬ ካሜራ አቅርቤ ሳያቸው ሆዳቸው ምንም የሌለበት፣ የተጣበቀ ነው። በረሃብ ነው የሞቱት፤ ምግብ አጠገባቸው እያለ። ከሁሉም በላይ ይሄ አሳዘነኝ።

የምኖረው ኪራይ ቤት ነው፤ አንድ ክፍልና ጠባብ በረንዳ። መብራት በየጊዜው ይጠፋል። ኤር ፓምፕ አንድ አለኝ፣ እሱም ትልቁ ገንዳ ላይ ነው። በዚህ ሁኔታ ምን ማራባት ይቻላል? የሞከራችሁ ብትመክሩኝ።


ጋፒ ቤት (ሀዋሳ) · ሰኞ ማታ 3:42

አይዞህ ወንድሜ። እኔ የማራባው ጋፒ የሚባለውን አሳ ነው። የጋፒ ልጅ ሲወለድ ትልቅ ስለሆነ የተፈጨ ምግብም የተቀቀለ የእንቁላል አስኳልም ይበላል። ቤታ ሌላ ነገር ነው። አፉ በጣም ጠባብ ነው፣ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነገር ምግብ አይመስለውም። አይኑ የሚከተለው የሚዋኝ ነገር ነው። ዱቄቱን የቱንም ያህል ብታደቀው ያው ነው። አሮጌው ጋን ይምጡና ያስረዱህ፣ ጭድ ቀቅሎ ለጫጩት የሚሆኑ ጥቃቅን ፍጥረታትን ማራባት እኔም የተማርኩት ከእሳቸው ነው።


አሮጌው ጋን (ሀዋሳ) · ማክሰኞ ጠዋት 1:15

ልጄ፣ ያንተ ችግር ምግቡ ብቻ አይደለም፤ ጊዜውም ነው። ድግስ ያለበት ሰው ጠላውን የሚጠምቀው እንግዳ በር ላይ ሲደርስ አይደለም። የቤታ እንቁላል ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈለፈላል። ከዚያ ጫጩቱ ሆዱ ላይ ያለውን የእንቁላል ስንቅ እየበላ ሁለት ሶስት ቀን ይቆያል። ስንቁ ካለቀ በኋላ ብዙ አይጠብቅህም። ጭዱ ደግሞ ለመድረስ አምስት ቀን አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ጭድ የሚቀቀለው ሴቷ ከወንዱ ጋር ከመግባቷ በፊት ነው። ይህን ካልያዝክ የቀረው ሁሉ ምንም አይረዳህም።

አንድ እፍኝ ንጹህ የጤፍ ጭድ ፈልግ። ለጭቃ ምርጊት የሚሸጠው ነው፣ አቅራቢያህ ገበያ አታጣም። የገብስም የስንዴም ገለባ ይሆናል። መድሃኒት የተረጨ እንዳይሆን ግን ጠይቅ። በሁለት ሊትር ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አፍላው። ውሃው ቀጭን ሻይ ይመስላል። ከዚያ አቀዝቅዘው፣ ጣትህን ስትነክር ምንም ሙቀት እስከማይሰማህ ድረስ። አፉ ሰፊ የሆነ ብልቃጥ ውስጥ ከጭዱ ጥቂት ጋር ገልብጠው።

ዘሩ የሚመጣው ከራስህ ገንዳ ነው። የማጣሪያውን ስፖንጅ ጨምቅ፣ ከጠጠሩ ስርም ትንሽ ውሃ ሳብ፤ አንድ የቡና ስኒ ይበቃል። እሱን ጨምርበትና አፉን በሻሽ አስረህ ብርሃን ያለበት፣ ፀሀይ ግን በቀጥታ የማይመታው ቦታ አስቀምጠው። በሁለተኛው በሶስተኛው ቀን ይደፈርሳል፣ ይሸታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ ይደፋዋል። አትድፋው። በአምስተኛው ቀን አካባቢ ይጠራል፣ ሽታውም እርጥብ ሳር ሳር ይላል። ያኔ ደርሷል።

በሶስት ቀን ልዩነት ሁለተኛ ብልቃጥ ጀምር። አንዱ ሲደክም ሌላው ይደርሳል።


ሀይቅ ዳር (ሀዋሳ) · ማክሰኞ ጠዋት 2:30

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን ጊዜ ሳሰላው ሶስቱንም ጊዜ የተሳሳትኩት እዚያው ላይ ነው። ጫጩት ካየሁ በኋላ ነበር ምግብ መፈለግ የምጀምረው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። መጀመሪያ የሚደፈርሰው ለምንድነው? ሁለተኛ፣ ሲደርስ ምን ያህል ነው የምሰጣቸው? ብዙ ካደረግኩ ገንዳውን ያበላሸዋል ብዬ ፈራሁ።


ቲቸር (ሀዋሳ) · ማክሰኞ ቀን 7:20

ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ተማሪዎቼ ማይክሮስኮፕ ላይ መጀመሪያ የሚያዩት ይሄንኑ የጭድ ውሃ ነው። የሚያደፈርሰው ባክቴሪያ ነው። ከጭዱ የወጣውን እየበላ ይበዛል፣ ውሃው ወተት ይመስላል። ከዚያ ከገንዳህ የገቡት ፓራሚሲየም የሚባሉት ባለ አንድ ህዋስ ጥቃቅን ፍጥረታትና ዘመዶቻቸው ባክቴሪያውን መብላት ይጀምራሉ፣ ባክቴሪያው ሲቀንስ ውሃው ይጠራል። መጥራቱ ምልክት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በሉት ማለት ነው።

ፓራሚሲየም ርዝመቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ነው። በአይንህ እንደ አቧራ ታየዋለህ። ማታ ብልቃጡን ከጥቁር ጨርቅ ፊት አቁምና የስልክህን መብራት ከጎን አብራበት። አቧራው በራሱ ፈቃድ ወደ ላይም ወደ ጎንም የሚሄድ ከሆነ በህይወት ነው። ዝም ብሎ ታች የሚወርድ ከሆነ ቆሻሻ ነው።

ስትሰጣቸው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀም። ከላይኛው የጠራው ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ሳብ፣ ከታች ያለውን አተላ አትንካ። በቀን ሶስት ጊዜ ጀምርና ሆዳቸውን እያየህ ጨምር ወይም ቀንስ። የበላ ጫጩት ሆዱ ከጎን ሲያዩት ክብ ይሆናል፣ ይሄን በስልክህ ማየት ትችላለህ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኪራይ ቤትና ለመብራት መጥፋት እኔ የምመርጠው የኮምጣጤ ትል ነው። በግማሽ የአፕል ኮምጣጤና በግማሽ ውሃ ውስጥ፣ ሁለት ሶስት ቁራጭ አፕል ተጨምሮበት ይኖራል። ተራው ነጩ አቼቶ ብቻውን ምግብ የለውም፣ ስለዚህ የአፕሉን ከሱፐርማርኬት ግዙ። የጨንቻ አፕል በወቅቱ ሲገባ እሱን እቆርጥበታለሁ። ትሉ ቢበዛ ሁለት ሚሊሜትር ነው፣ ከፀጉር የቀጠነ። ማሞቂያ አይፈልግ፣ አየር አይፈልግ፣ ወራት ሙሉ ብትረሳው እዚያው ታገኘዋለህ።

የሚወጣው እንዲህ ነው። አንገቱ ረጅምና ጠባብ የሆነ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ስር ድረስ በትሉ ኮምጣጤ ትሞላለህ። አንገቱ ውስጥ ጥጥ ትወትፋለህ፣ ኮምጣጤውን እንዲነካ። ከጥጡ በላይ ንጹህ ውሃ ታፈስሳለህ። ትሎቹ አየር ፍለጋ በጥጡ ውስጥ አልፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። በማግስቱ ንጹሁ ውሃ በነሱ ተሞልቶ በሲሪንጅ ትስበዋለህ። ኮምጣጤው ጫጩቶቹ ጋ አይደርስም። ደግሞ ገንዳ ውስጥ ከገቡ በኋላ ታች አይሰምጡም፣ መሃልና ላይ ላዩን ይዋኛሉ፤ የቤታ ጫጩት ምግብ የሚፈልገው እዚያው ነው። ለቀናት በህይወት ስለሚቆዩ ውሃውን አያበላሹም።

ዘሩ ቤቴ አለ። እርሾ ከጎረቤት እንደምትዋሱት ነው፣ አንድ ብርጭቆ ይበቃሃል።


የአዳማው (አዳማ) · ማክሰኞ ማታ 1:50

ከአዳማ ሰላም። እኔ ሶስት አመት ያህል የማራባው የውሃ ቁንጫ ነው፣ ለአሳ ምግብ የሚሆን ጥቃቅን የውሃ ፍጥረት። መጀመሪያ የያዝኩት ትልቁ ዳፍኒያ ነበር፣ የኛ ሙቀት አልተመቸውም። መጋቢት ላይ በረንዳ ላይ ያለ ባልዲ ከሰዓት በኋላ ሲነካ ለብ ይላል፣ ዳፍኒያ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው የሚወደው። ሞይና የሚባለው ትንሹ አይነት ግን ለሙቀት ግድ የለውም። ሀዋሳ ብርድ ብርድ በሚልበት ወር ትንሽ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ለናንተም ይሆናል።

ሞይና ሙሉ አድጎ አንድ ሚሊሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ምግብ እስካለ ድረስ ሴቶቹ ያለ ወንድ ይወልዳሉ፣ በሙቀት የተወለደችው በአራት በአምስት ቀን ራሷ ትወልዳለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ባልዲው እንደ አሸዋ ሲንቀሳቀስ ታያለህ።

ምግቡ አረንጓዴ ውሃ ነው። ከገንዳ ስትቀይር የምትደፋውን ውሃ አትድፋው፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተህ ፀሀይ ላይ ደርድረው፣ በአንድ በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ይሆናል። እሱ ካለቀ ደረቅ እርሾ በሁለት ጣት የምትቆነጠር ያህል በውሃ በጥብጠህ ትጨምራለህ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እርሾው ላይ ነው። እኔም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባልዲዬ ጠርቶ ሳየው ተርበዋል ብዬ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩ። ማታ ስመለስ ውሃው ወተት ሆኗል፣ ሁሉም ታች ተኝተዋል። እርሾው አየሩን ጨርሶባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የምከተለው አንድ ነገር ነው፤ የባልዲው ወለል እስካልታየኝ ድረስ አልመግብም።

የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይገባም፣ ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል። አፉ ክፍት በሆነ ሳፋ አንድ ሁለት ቀን አሳድረው። ደግሞ ምንጊዜም ሁለት ባልዲ ይኑርህ፣ የተለያየ ቦታ ቢሆኑ ጥሩ ነው። አንዱ ሳይታሰብ አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም።


ጥቁር ውሃ (ሀዋሳ) · ማክሰኞ ማታ 4:05

ለምን ይሄን ሁሉ ትደክማላችሁ? እኔ ግቢ ውስጥ አንድ በርሜል አለኝ። ውሃ ሞልቼ ቅጠል ጨመርኩበት፣ በሳምንት ውስጥ በትንኝ እጭ ተሞላ። በሻይ ማጥለያ ቀድቼ ለአንጀልፊሾቼ እሰጣለሁ፣ እንደዚህ ሲበሉ አይቼ አላውቅም። ቀለማቸው ራሱ ተቀይሯል። ገንዘብ የለ፣ ዘር ፍለጋ የለ። ካልሆነ ደግሞ ሀይቁ አጠገባችን ነው፣ አሞራ ገደል ሄዳችሁ በባልዲ ቅዱ፣ በጥቃቅን ነገር የተሞላ ነው።


ጋፒ ቤት (ሀዋሳ) · ማክሰኞ ማታ 4:20

በርሜሉን ዛሬውኑ ድፋው ወንድሜ። የትንኝ እጭ ለአሳ ጥሩ ምግብ መሆኑን አልክድም፣ ግን ባለፈው ክረምት ልጄ በወባ አምስት ቀን ተኝቶ ያየሁትን አይቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት አልችልም።


ጥቁር ውሃ (ሀዋሳ) · ማክሰኞ ማታ 4:31

እህቴ አዝናለሁ ስለ ልጁ። ግን እኔ በየሶስት ቀኑ ነው የምቀዳው፣ ወደ ትንኝነት ሳይለወጥ አሳው በልቶታል። እንደውም ትንኝ እየቀነስኩ ነው። ደግሞ የወባ ትንኝ የሚራባው ረግረግ ላይ ነው እንጂ በርሜል ውስጥ አይደለም፣ ይሄ ተራው የቤት ትንኝ ነው።


ቲቸር (ሀዋሳ) · ረቡዕ ጠዋት 12:50

ይሄ የመጨረሻው ድሮ ልክ ነበር፣ አሁን ልክ አይደለም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባል የወባ ትንኝ ከእስያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። ከነባሮቹ የሚለየው ከተማ ውስጥ፣ በሮቶ፣ በበርሜል፣ በጀሪካን ውስጥ ባለ ንጹህ ውሃ መራባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ የተቀሰቀሰው ከሱ ጋር ተያይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በአገር ደረጃ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል።

እጩን በመልኩ መለየት ይቻላል። የተራው የቤት ትንኝ (ኩሌክስ) እጭ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ከውሃው ጫፍ ይንጠለጠላል፣ በጅራቱ በኩል የመተንፈሻ ቱቦ አለው። የወባዋ እጭ ቱቦ የላትም፣ ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድማ ትተኛለች። ዛሬ ሂድና በርሜልህን እየው። ግን ተንጠልጥለው ብታገኛቸውም ምክሬ ያው ነው፤ ነገ የትኛዋ መጥታ እንደምትጥልበት አንተ አትመርጥም።

ስለ ሀይቁም ልንገርህ። ሀይቁ ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው፣ በባዶ እግርህ ገብተህ ባልዲ መሙላት ይበቃዋል። ለአሳዎችህም የአሳ ቅማልና አልቅት ይዘህ ትመለሳለህ፣ የውሃ ተርብ እጭ ከገባ ደግሞ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል።

ቀንድ አውጣውን ካነሳሁ አይቀር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ያገኙት ይሄንኑ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ ነው። ያ እንዶድ አሳንም ይገድላል። ስለዚህ የአሳ ባልዲ በእንዶድም በሳሙናም አይታጠብም፤ በሙቅ ውሃና በጨው እሹት።


አሮጌው ጋን (ሀዋሳ) · ረቡዕ ጠዋት 2:00

ጥቁር ውሃ፣ አንተ ጠንቃቃ ሰው እንደሆንክ ከአጻጻፍህ ይታየኛል። በየሶስት ቀኑ እቀዳለሁ ማለትህንም አምናለሁ። ግን ሰው ነህ። አንድ ሌሊት ስልክ ተደውሎ ዘመድ አረፈ ትባላለህ፣ ለቅሶ ወደ ገጠር ትሄዳለህ፣ እስከ ሰባት ቀን ትቆያለህ። በሞቃት ጊዜ ከእንቁላል እስከ ትንኝ የሚፈጀው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ስትመለስ በርሜሉ ባዶ ይሆናል፣ የነበረው ሁሉ ጎረቤት ቤት ገብቷል። ጎረቤትህ ደግሞ አሳ የለውም፣ ትኩሳቱን ብቻ ነው የሚካፈልህ።

ያው በርሜል ይጠቅምሃል። ድፋው፣ በብሩሽ ፈትገህ እጠበው፣ እንቁላሉ ጥግ ላይ ተለጥፎ ይቀራልና። ከዚያ ሞይና አግባበት።

ይሄን ሁላችሁም ስሙ፤ የሞይና ባልዲም ክፍት ከሆነ ትንኝ ይጥልበታል። መሸፈን አለበት። በአጎበር ግን አትሸፍኑት። አጎበር የሚታደለው ለአልጋ ነው፣ ደግሞ መድሃኒት የተነከረ ነው፤ ዝናብ ቢመታውና ቢንጠባጠብበት ባልዲው በሙሉ ያልቃል። ሻሽ ወይም አሮጌ ነጠላ ደርባችሁ በላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩት።


የአዳማው (አዳማ) · ረቡዕ ጠዋት 3:25

ጋሼ ስለ መድሃኒቱ ያሉት እውነት ነው። እኔ ቤት በረሮ ስላስቸገረ አንድ ማታ ፍሊት ነፋሁ። አሳዎቹን በፕላስቲክ ሸፍኛቸው ነበር፣ መስኮት ስር የነበረው የሞይና ባልዲ ግን ከአእምሮዬ ወጣ። በማግስቱ አንድም አልነበረም፤ ውሃው ጥርት ብሎ ታች ነጭ ዱቄት የመሰለ ሬሳቸው። እነዚህ ፓይረትሮይድ የሚባሉ መድሃኒቶች ለሰው ያን ያህል አይከብዱም፣ ለውሃ ቁንጫና ለአሳ ግን ጥቂቱ ይበቃል። የወባ ርጭት ሰዎች ቤታችሁ ሲመጡ አስረጯቸው፣ ያስፈልጋል። ግን ባልዲውንም ብልቃጡንም ገንዳውንም ቀድማችሁ ከቤት አውጡ ወይም አጥብቃችሁ ሸፍኑ፣ ኤር ፓምፑንም አጥፉ፣ እሱ ከክፍሉ አየር እየሳበ ነው ውሃው ውስጥ የሚያስገባው።


ጥቁር ውሃ (ሀዋሳ) · ረቡዕ ማታ 1:10

አየሁት በርሜሉን። አብዛኞቹ ተንጠልጥለው ነው ያገኘኋቸው። ግን ወደ ስድስት የሚሆኑ ተጋድመው ነበር። ቲቸር እንዳለችው ቱቦ የላቸውም። አከራዬ ሶስት ትንንሽ ልጆች አሏቸው፣ እነሱ የሚጫወቱት እዚያው በርሜል አጠገብ ነው።

ደረቅ መሬት ላይ ደፍቼዋለሁ። የሞይና ዘር ማን ጋ አለ?


ሀይቅ ዳር (ሀዋሳ) · ረቡዕ ማታ 1:40

ትልቅ ሰው ነህ ወንድሜ።

እኔ ዛሬ ጭዱን ቀቅያለሁ፣ ሁለት ብልቃጥ። ሴቷን ገና አልጨመርኳትም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ሁሉም ሰው አርቴሚያ አርቴሚያ ይላል፣ ያቺን የጨው ውሃ ትንሽ ፍጥረት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለኝና ላስመጣ? መብራት እየጠፋ ይሆናል?


ቲቸር (ሀዋሳ) · ረቡዕ ማታ 2:35

አስመጣ፣ ግን ለሁለተኛው ሳምንት። ገና የተፈለፈለች አርቴሚያ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ናት፣ ለመጀመሪያው ቀን ጫጩት ትበዛበታለች። ገበያ ላይ ካለው እንቁላል ብዙ የሚሆነው አሜሪካ ዩታ ውስጥ ካለው ታላቁ የጨው ሀይቅ የሚሰበሰብ ነው። ደረቅ ሆኖ አመታት ይቆያል። አንዱ ግራም ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ እንቁላል አለ፣ ስለዚህ ትንሿ ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ታገለግልሃለች። እርጥበት ብቻ እንዳይነካት።

በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ዝርግ የሾርባ ማንኪያ ጨው። እኔ የአፍዴራ ጨው ነው የምጠቀመው። 27 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ትፈለፈላለች። የኛ ክፍል ማታ ስለሚቀዘቅዝ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ላይ ብርሃን ትፈልጋለች።

የተለመደው ሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጦ፣ ዘቅዝቆ፣ በቱቦ አየር እየነፉ ነው። የግሉኮስ ቱቦ በጣም ይመቻል፣ መቆጣጠሪያው አብሮት አለ፤ ያልተሰራበትን ከፋርማሲ ግዛ። መብራት ሲጠፋ ግን እንቁላሉ ታች ተከምሮ ይታፈናል። ስለዚህ አንተ በዝርግ ሰሃን አድርገው። ውሃው ሁለት ሴንቲሜትር ከሆነ ያለ አየርም ይፈለፈላል። ስትቀዳ አንዱን ጎን በካርቶን ሸፍነህ በሌላው ጎን መብራት አብራ፣ ወደ ብርሃኑ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ቅርፊቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ቅርፊቱን ጫጩት ከዋጠው ሆዱን ይደፍነዋል፣ እሱ ላይ ተጠንቀቅ። በወፍራም ሻሽ አጥልለህ በንጹህ ውሃ አለቅልቀህ ወዲያው ስጣቸው። የያዘችው ስንቅ ሰዓት በሄደ ቁጥር ያልቃል፣ የዋለች አርቴሚያ ባዶ ከረጢት ናት።


ጋፒ ቤት (ሀዋሳ) · ረቡዕ ማታ 3:00

በመሃል ላይ ለምትቸገርባቸው ቀናት ማይክሮ ዎርም የሚባለውን ጥቃቅን ትል እሰጥሃለሁ። የአጃ ገንፎ ወፈር አድርገህ ሰርተህ ሲቀዘቅዝ ዝርግ ፕላስቲክ እቃ ውስጥ አንድ ጣት ያህል ትዘረጋለህ፣ እርሾ ትነሰንስበታለህ፣ ከኔ ዘር አንድ ማንኪያ ትጨምርበታለህ። አጃ ያጣሁ ጊዜ በሶ በውሃ ለውሼ ሰርቶልኛል። በአራት በአምስት ቀን የእቃውን ግድግዳ ይወጣሉ፣ በጣትህ ጠርገህ ውሃ ውስጥ መንከር ብቻ ነው። እኔ ለጋፒዎቼ በየቀኑ ጠዋት ይሄን ነው የምሰጠው፣ ልጆቼ ራሳቸው ይመግባሉ። አንድ ችግሩ ታች ይሰምጣል፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ አድርገህ ስጥ። ገንፎው ሲቀጥንና ሲመር ሲሸት አዲስ ስራና ከአሮጌው አንድ ማንኪያ አዛውር። ሶስት አራት ሳምንት ነው እድሜው።


ሀይቅ ዳር (ሀዋሳ) · ከ5 ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ቀን 9:15

ቃል ስለገባሁ ተመልሻለሁ። ጭዱ በስድስተኛው ቀን ጠራ። ሴቷን ያስገባሁት አምስተኛው ቀን ላይ ነበር። ጫጩቶቹ አግድም መዋኘት በጀመሩ ቀን ጠዋት በሲሪንጅ ሰጠኋቸውና ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። አንዷ ቆም አለች፣ ገላዋን እንደ ኤስ አጠፈች፣ ዘላ ነከሰች። ከዚያ ሌላዋ። ማታ ሳያቸው ሆዳቸው ክብ ነው። ይሄን ለማየት ሶስት ጊዜ ነው የጠበቅኩት፣ እንባ መጣብኝ።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ የኮምጣጤውን ትል ጨመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ማይክሮ ዎርም፣ አርቴሚያዋ ስትደርስ ደግሞ እሷን። አርቴሚያ የበሉ ቀን ሆዳቸው ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል። መብራት አንዴ ለሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር፣ ሰሃኑ ላይ የነበረው ምንም አልሆነም። የከሰርኩት አንድ ነገር ሁለተኛው የጭድ ብልቃጥ ነው፤ ፀሀይ በቀጥታ አግኝቶት ሞቆ ሸተተ፣ ደፋሁት። ጋሼ ሁለት ይሁን ያሉት ያን ቀን አዳነኝ።

ዛሬ ቆጥሬያቸው 43 ናቸው። አንዳንዶቹ ክንፋቸው ላይ ሰማያዊ ጀምሯል።


አሮጌው ጋን (ሀዋሳ) · እሁድ ቀን 10:05

እሰይ! አሁን ወንዶቹ መጣላት ሳይጀምሩ ብልቃጥ መሰብሰብ ጀምር፣ ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። የኮምጣጤውን ትል ዘርም አትጣለው፣ ለሌላ ሰው ትሰጠዋለህ።


ጥቁር ውሃ (ሀዋሳ) · እሁድ ቀን 10:20

የኔ በርሜል አረንጓዴ ሆኖ ሞይናው ሞልቶበታል፣ አንጀልፊሾቹም ተላምደውታል። የአዳማው በመኪና የላከልኝ ዘር ነው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ውሃ ግማሽ አየር አድርጎ፣ በሰላም ደረሰ። አንጀልፊሾቹ ደግሞ ትናንት ቅጠል ላይ እንቁላል ጣሉ። የኮምጣጤውን ትል ካንተ ልውሰድ?


ሀይቅ ዳር (ሀዋሳ) · እሁድ ቀን 10:26

ዛሬ ማታ ቤት ነኝ፣ ና። ክዳን ያለው ብልቃጥ ይዘህ ና፣ ክዳኑን በመርፌ ብሳው። ጭድም ቀቅለህ ተነስ፤ ካልሆነልህ ግን ከኔ ከደረሰው ግማሹን እቀዳልሃለሁ።